አንቺ ብቻ ከሳሽ፤ ለአርባ ወደ ቡሬ

የመጀመሪያው ቀን፤ ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም

ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ፣ ቡሬን አይተው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማያዩ ሰዎች ነው። ፏፏቴ ወይም ገዳም የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ይቅር ይበለኝ። የሄድኩት ለተዝካር ነው፤ ያየሁትም በአብዛኛው ሰው ነው።

ጥቅምት ውስጥ በአንድ ሐሙስ ማለዳ ጥቁር ለብሼ አውቶብስ ተሳፈርኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጧፍና ለአያ ቢተው የገዛሁት ጋቢ አለ። ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት ወዲያና ወዲህ እየደወለ መንገዱን ሲያጠያይቅ ቆየ፤ አንዳንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል። በመጨረሻ "እስከ ፍኖተ ሰላም ያስኬዳል" ሲል ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ "እንግዲህ ስሙን አምነን እንሂዳ" አሉ። የሰላም መንገድ ማለት መሆኑን የምናውቅ ሁሉ ሳቅን። እኔ ሳቄን ቶሎ ዋጥኩት፤ ጥቁር የለበሰ ሰው ሲስቅ አያምርም።

ማን እንደሞተችብኝ ልናገር። እናቴ እኔን ወልዳ ዓመት ሳትደፍን ሞተች። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቷ እንጉዳይ ናት፤ እቴቴ ነበር የምላት። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ጎጥ፣ ከባሏ ከአያ ቢተውና ከልጇ ከበላይነሽ ጋር አደግሁ። እቴቴ በአገሩ የምትታወቀው በአንገቷ ነው። ሞላ ያለ፣ ከአገጯ ሥር የሚጀምር ሦስት እጥፋት ያለው አንገት ነበራት፤ ንቅሳቷም እጥፋቱን ተከትሎ የተወጋ ነው። ሕፃን ሆኜ እንቅልፍ የሚወስደኝ እጄን ከአገጯ ሥር፣ ከመጀመሪያው እጥፋት ውስጥ ከትቼ ነበር። ሳድግ ያው አንገት በእኔም ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ "የእንጉዳይ አንገት" ይለኝ ጀመር፤ እዚያ ይህ ሙገሳ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን ሙገሳ አይደለም። የምሠራው መጋረጃ ሱቅ ውስጥ ነው። ትርንጎ የሚለው ስሜ ለደንበኛ አይመችም ተብሎ ቲና ተባልኩ፤ እሱስ ይሁን። ቆይቶ ባለሱቁ መጋረጃውን በስልክ ቪዲዮ እየቀረጸ መልቀቅ ሲጀምር ከጨርቁ ፊት የምቆመው እኔ ሆንኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ከቪዲዮው ሥር "መጋረጃው ያምራል፤ አገጯንም ጋርዱልን" ብሎ ጻፈ። ሰው ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መስታወት ፊት ስቆም ከአገጬ በቀር የማየው ጠፋ። በራሴ ገላ አፈርኩ።

ከአገጭ ሥር ያለን ስብ በቀጭን ቱቦ መጥጠው የሚያወጡበት ክሊኒክ እንዳለ አንዲት ደንበኛ ነገረችኝ። ላይፖሰክሽን ይሉታል። ሐኪሙ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘኝና "ትንሽ ቦታ ናት፤ ጥርስ እንደ መነቀል ቁጠሪው" አለኝ። ቀጠሮው ለቅዳሜ ተያዘ።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐሙስ ዕለት፣ በላይነሽ ደወለች። "እማን ትንሽ አሟታል፤ ብትመጪ ደስ ይላታል" አለችኝ። የጎጃም ሰው ክፉ ወሬ በቀጥታ አይነግርም። "ትንሽ አሟታል" ማለት የያዝሽውን ጥለሽ ድረሽ ማለት ነው፤ እዚያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ዓመት ከተማ ስለኖርኩ አልገባኝም ነበር እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከርሜያለሁ። ገብቶኝ ነበር። "ፈቃድ ከለከሉኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ" አልኳት። ቅዳሜ ተሠራሁ። ሰኞ በላይነሽ በምስል ደወለች፤ ኔትወርክ ያለበት ሳምንት ነበር። እቴቴ ፊትሽን ልይ ትላለች አለችኝ። ፊቴ አብጧል፣ ከአገጬ እስከ አናቴም በላስቲክ መቀነት ተጠፍንጓል። ካሜራውን ዘግቼ "ምስሉን አይወስደውም፣ ኔትወርኩ ነው" አልኩ። እቴቴ በደከመ ድምፅ "ተያት፣ ድምጧም ይበቃኛል" ስትል ሰማሁ። ማክሰኞ ጧት ሞተች፤ ከሰዓት ተቀበረች።

ስለዚህ አውቶብሱ ውስጥ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በላይነሽ "ለምን ቀረሽ?" ስትለኝ የምመልሰው። የፈቃዱን ወሬ እደግመዋለሁ ወይስ እውነቱን አወጣዋለሁ? ዓባይ በረሃን ስንወርድ እውነቱን፣ ስንወጣ ውሸቱን መረጥኩ።

ከደጀን አለፍ ብሎ ወርዳችሁ መታወቂያ አሳዩ ተባልን። አንድ ጎልማሳ ፈታሽ ካርዴን ከፊቴ ጋር ሲያስተያይ ቆየና "ይህ አንቺ ነሽ?" አለኝ። ፎቶው የድሮው አንገቴ ነው። ከስቼ ነው አልኩት። ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየና ፊቱ ለሰለሰ፤ ሐዘን ነው? አለኝ። አዎ አልኩ። እግዜር ያጥናሽ ብሎ ካርዱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትም "አይ ሐዘን!" ብላ ትከሻዬን ዳበሰችኝ። የመክሳቴ ውሸት የተጀመረው እንዲህ ነው። ሰው ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ የእኔ ድርሻ አዎ ማለት ብቻ ነው።

ደምበጫ ስንደርስ ይቺው ሴት በመስኮት የተቀቀለ በቆሎ ገዝታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሐዘን በባዶ ሆድ አይቻልም አለችኝ። አዲስ አበባ አብረውኝ ታክሲ የሚሳፈሩ ሰዎች ወረፋዬን ካልቀሙኝ ደግ ናቸው እላለሁ፤ እዚህ የማላውቃት ሴት በቆሎ እየፈለፈለች ታበላኛለች። በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ እሱም አሳፈረኝ።

ፍኖተ ሰላም የገባነው ከሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ነገ ተባለና ከመናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዝኩ። አዲስ አበባ አልጋ የምትከራይ ሴት መታወቂያ ትጠየቃለች፤ እዚህ ባለቤቷ ወይዘሮ እማዋይሽ የጠየቁኝ "የማን ልጅ ነሽ?" ብለው ነው። ነገርኳቸው። እንጉዳይን አላውቃትም፤ ግን አንቺ እንዲህ የከሳሽላት ደግ ሴት ብትሆን ነው አሉ። ሽሮዬን ሳልጨርስ ስተወው ዓይናቸው አልሳተኝም። ጓዳ ገቡና በትልቅ ኩባያ አጥሚት ይዘው መጡ። ሐዘን ያከሳውን ሰው የሚያነሳው አጥሚት ነው፣ እኔ ልጄን ስቀብር በዚህ ነው የተነሳሁ አሉኝ። ልጃቸውን። አጠገቤ ቁጭ ብለው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ሐኪሙ ክብደት እንዳትጨምሪ ያለኝን እያሰብኩ ኩባያውን ገለበጥኩት። ትኩስ ነው፣ ቅቤው ይሸታል፣ እንባዬም እዚያው ውስጥ ወረደ። እሳቸው ያለቀስኩት ለእቴቴ መሰላቸው፤ እውነትም በከፊል ለእሷ ነው።

ሁለተኛው ቀን፤ ወደ ጎጡ

ጧት በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። ቡሬ ከልጅነቴ ይልቅ ሰፍታለች፤ የበቆሎ ጆንያ የጫኑ መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል። ከዚያ በሽንዲ መንገድ ባጃጅ ያዝኩ። ግማሽ መንገድ ሳንሄድ የኋላ ጎማዋ ተቀደደ። ሾፌሩ መለዋወጫ የለውም፤ "እሜቴ፣ ከዚህ እግር ይሻላል" አለኝ። እኔን እሜቴ! ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የከተማ ጫማዬ ደግሞ ለኮረት አልተሠራም፤ ብዙም ሳልሄድ የአንደኛው ተረከዝ ተነቀለ።

እያነከስኩ ስሄድ ከወፍጮ ቤት የምትመለስ አንዲት ሴት ደረሰችብኝ። ሳትጠይቀኝ ሻንጣዬን ቀምታ ከዱቄቱ ጆንያ ላይ፣ ከአህያዋ ጀርባ አሰረችው። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ አንድ ላይ ይተኛል። ጥቂት እንደሄድን የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የእንጉዳይ፣ የአያ ቢተው ቤት ስላት ቆመች።

"ትርንጎ ነሽ? አንገትሽሳ?" አለችኝ።

ምን እንደምላት ሳስብ ራሷ መለሰችው። "አዬ፣ ሐዘን በላው" አለችና አህያዋን መታ አደረገች። እኔም ተከተልኳት።

በአገራችን ቀብር ያመለጠው ሰው ዝም ብሎ ቤት አይገባም፤ ከሩቅ እያለቀሰ ይመጣል፣ ቤተሰቡም ተነስቶ እንደ አዲስ ያለቅሳል። እንዳላስመስል ፈርቼ ነበር። ግን የግቢውን አጥርና እቴቴ የምትቀመጥበትን የበር ድንጋይ ባዶውን ሳየው ጩኸቴ ሳልጠራው መጣ። በላይነሽ ከዳሱ ሥር ሮጣ ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ራቅ አድርጋ አየችኝ።

"ወይኔ እቴ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?" አለችኝ።

ራሷ ከስታለች። ጉንጯ ገብቷል፣ እጇ በውሃና በእሳት ተልጧል፣ ጠጉሯን ለእናቷ ተቆርጣለች። አያ ቢተው ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረዳቸው ያወቁኝ በድምፄ ነው። ግንባሬን ሳሙኝ፣ "ደርሰሽልናል፣ ይኸው ደርሰሻል" እያሉ እጄን ይዘው ተቀመጡ። ለምን እንደቀረሁ ማንም አልጠየቀኝም። የከሳ ሰው አይጠየቅም።

ሦስተኛው ቀን፤ ተዝካሩ

ቅዳሜ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ፤ ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ የሩቅ ዘመድ። ከተማ ድግስ ሲኖር ሰው ተከራይተን እናሠራለን፤ እዚህ ወጡን የምታወርደው ጎረቤት፣ ጠላውን የሚቀዳው የእድር ሰው ነው። እኔን ግን ሥራ የሚያስነካኝ ጠፋ። አንዱን እንስራ ላነሳ ስል "ተይ፣ ጉልበት የላትም" ብለው ከእጄ ወሰዱት። ሴቶቹ በእኔ ፊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ እሰማለሁ። የወለደች አይደለችም፣ ያሳደገች ብቻ ናት፤ ግን እዩ እንዴት እንዳሟሟት ይላሉ። በላይነሽ ታማሚ አስታማ፣ ቀብራ፣ ደግሳ የከሳችውን ማንም አላነሳም። የእሷ አዲስ አይደለም፣ ዕለት ዕለት ሲያዩት ኖረዋል።

ከምሳ በኋላ፣ ቀብሩ ያመለጠኝ እኔ ስለሆንኩ ሴቶቹ ለሙሾ ከበቡኝ። አልቃሿ እትዬ ውዴ ናቸው፤ የእቴቴ የልብ ወዳጅ፣ ስንት አገር ለሙሾ የሚጠራቸው ሴት። ከነመቋሚያቸው ቆሙና ብዙ አሉ። ስለ እቴቴ እጅ፣ ስለ ደጇ፣ ስለማይነጥፍ እንስራዋ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን አወረዱት፦

"ዳኛ አልተቀመጠ፣ አልመጣም ወቃሽ፣
በእንጉዳይ ጉዳይ አንቺ ብቻ ከሳሽ።"

ዳሱ በለቅሶ ተናጋ። ሰው ሁሉ የሰማው ሰሙን ነው፤ ለእንጉዳይ ብለሽ የከሳሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ የሰማሁት ወርቁን ነው። ዳኛ በሌለበት፣ ማንም ሳይወቅስሽ፣ ከሳሽሽ አንቺው ራስሽ ነሽ። ከሳሽ፤ በላይነሽ ትናንት በደጅ ያለችኝ ያው ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልተለወጠም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹም "ተዉ፣ አትግደሏት" ብለው ሙሾውን አስቆሙልኝ።

ሰው እየሳሳ ሲሄድ እትዬ ውዴን ከቤቱ ጀርባ እግራቸውን ሲታጠቡ አገኘኋቸው። ውሃውን ተቀብዬ አፈሰስኩላቸው። ያሉት ግጥም ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ የማላውቅ መስዬ። ቀና ብለው አላዩኝም።

"እኔ ያየሁትን ነው ያልኩ ልጄ" አሉኝ። "ሦስት ልጅ ቀብሬያለሁ። ሐዘን መጀመሪያ ዓይን ያጎደጉዳል፣ ከዚያ ጉንጭ፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ቀለበት ይወልቃል። በላይነሽን እያት። ሐዘን ቦታ አይመርጥም። አንቺን ከአንድ ቦታ ብቻ ወሰደሽ።"

ሁለተኛ እግራቸውን ዘረጉልኝ፤ አፈሰስኩ። ምንድነው ብለው አልጠየቁኝም። ላይፖሰክሽን ብላቸውም አያውቁትም፤ የሚያውቁት ሐዘንን ነው፣ ይህ ደግሞ እሱ አለመሆኑን። ለበላይነሽ ይነግሯት እንደሆነ በፍርሃት ጠየቅኳቸው። "አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ" አሉና ጫማቸውን አጠለቁ።

አራተኛው ቀን፤ መቃብሩ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በላይነሽ መቃብሩን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከወይራ ሥር ነው። አፈሩ ገና አልጠገገም፤ ዙሪያውን በድንጋይ ከብበውታል። ጧፉን አበራሁ፣ ነፋሱ አጠፋብኝ፣ እንደገና አበራሁ። በላይነሽ ስለመጨረሻው ጧት ነገረችኝ። እናቷ ስታርፍ ዓይኗን የከደኑት እትዬ ውዴ፣ አገጯን በነጭ ጨርቅ ያሰረችው ራሷ መሆኗን፣ ቋጠሮው ሁለቴ እንደተፈታባት።

ያን ጧት የእኔም አገጭ ታስሮ ነበር። እሷ የእናቷን ስታስር እኔ አልጋዬ ላይ የላስቲክ መቀነቴን መስታወት ፊት አስተካክል ነበር። ከዚህ በላይ መያዝ አቃተኝ።

"በላይ፣ ፈቃድ አልከለከሉኝም" አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ቪዲዮውን፣ የሰውየውን ስድብ፣ ክሊኒኩን፣ የዘጋሁትን ካሜራ። ሳላቋርጥ ነገርኳት፤ ብቆም እንደማልቀጥል አውቃለሁ። "ትንሽ አሟታል" ያልሽኝ እየገባኝ ነው የቀረሁት አልኳት። እሷ መቃብሩ ዳር ቁጢጥ ብላ በእንጨት አፈሩን ትጭራለች። ስጨርስ ተነስታ መጣችና አገጬን በጣቷ ቀና አደረገችው። ጠባሳዋ የጤፍ ፍሬ ታክላለች፤ ፈልጋ አገኘቻት።

"በዚች ነው የወጣው?"

"በዚች ነው።"

"ምን ያህል ይሆናል?"

በጠርሙስ አሳይተውኝ ነበር፤ ቢጫ፣ ከደም ጋር የተቀላቀለ። "ሲኒ አይሞላም" አልኳት።

እጇን ከአገጬ አነሳች። "ለሲኒ ነው?" አለችኝ። "ለአንድ ሲኒ ነው የቀረሽባት?"

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች፣ እኔም ከኋላዋ። ወንዙን ስንሻገር እንደ ድሮው እጇን ሰጠችኝ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ከተሻገርን በኋላ ግን ለቀቀችኝ።

ቤት እንደደረስን ስንቄን ትቋጥር ጀመር፤ ዳቦ፣ በሶ፣ በጨርቅ የታሰረ ቅቤ። ሻንጣዬን ስዘጋ አያ ቢተው በበትራቸው እየዳሰሱ መጥተው የበሩ ድንጋይ ላይ፣ እቴቴ በምትቀመጥበት ተቀመጡ። ነይ አጠገቤ ሁኚ አሉኝ። ከብብታቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የእቴቴ የእጅ መስታወት ነው፤ ክፈፉ ቀይ፣ አንድ ጠርዙ የተሸረፈ። ስንጫወትበት የሸረፍነው እኔና በላይነሽ ነን።

"እንደቀረሽ ታዝኚ ይሆናል" አሉኝ። "አትዘኚ። በሞተች ዋዜማ ከአንቺ ጋር በስልክ ከተነጋገረች በኋላ መስታወት አምጡልኝ አለች። ምን ያደርግልሻል ብላት፣ 'ትርንጎን ልያት' አለች። እንዲህ ቀና ብላ አንገቷን ረጅም ጊዜ አየችው። 'ይችው፣ አየኋት፤ ደህና ናት' ብላ መስታወቱን መለሰችልን። ስለዚህ አይታሻለች ልጄ። ሳታይሽ አልሄደችም።"

መስታወቱን እጄ ላይ አኖሩት። በላይነሽ ከበሩ ውስጥ ቆማ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት፤ አሁን ትናገረዋለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ብትናገርም እውነቷን ነው። አባቷ "አይደለም በላይ?" ብለው ወደ እሷ ዞሩ።

"እውነትዎን ነው አባባ" አለች። "እኔ ነኝ መስታወቱን የያዝኩላት።"

ከዚያ ስንቁን አምጥታ ከሻንጣዬ ላይ አሰረችው። አያ ቢተው መረቁኝ፤ እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ እንደ እንጉዳይ ደጅሽ ሰው አይጣ። በላይነሽ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ባጃጅ እስኪመጣ ድረስ ጎን ለጎን ቆምን። ስሳፈር በመሐረቧ የተነቀለውን የጫማዬን ተረከዝ አሰረችልኝና "ስትደርሺ ደውይ" አለችኝ። ይቅርታ ይሁን፣ ልማድ ይሁን እስካሁን አላወቅሁም።

አምስተኛው ቀን፤ መመለስ

እሑድን ቡሬ አድሬ ሰኞ በማለዳ ተነሳሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ አውቶብስ እስኪሞላ ወይዘሮ እማዋይሽ ዘንድ ጎራ አልኩ። ተሻለሽ? አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ ያንኑ ኩባያ ይዘው መጡ። የከሳሁት በሐዘን እንዳልሆነ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። የልጃቸውን ነገር አስታወስኩና ዘጋሁት፤ የራሴን ሸክም ለማቅለል እሳቸው ላይ ልጥለው አልፈለግሁም።

ከደጀን ወዲያ ያው ፍተሻ ነበር፤ ሰውየው ሌላ ነው። እሱም ፎቶውን አይቶ ይህ አንቺ ነሽ? አለኝ። ስቡን በሐኪም አስወጥቼው ነው አልኩት። ከኋላዬ ያሉት ሳቁ፣ እሱም ፈገግ ብሎ ለቀቀኝ። እግዜር ያጥናሽ ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ለበላይነሽ ስደርስ ደወልኩላት። ደህና ገባሽ? አለችኝ፤ አዎ አልኩ፤ እሰይ አለች። ካሜራውን ልክፈት? ብላት "ይሁን ሌላ ቀን፣ ኔትወርኩ አይወስደውም" አለችኝ። ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ሱቅ ስገባ ሁሉም እንዴት አምሮብሽ መጣሽ አሉኝ። ባለሱቁ አዲስ መጋረጃ ሰቅሎ ስልኩን ደቅኖ ጠበቀኝ፤ ቆምኩለት። መስታወቱን ቤቴ፣ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅየዋለሁ። እቴቴ የራሷን አንገት አይታ እኔን ያገኘችበት መስታወት ነው። ጧት ጧት ከፊቱ ቆሜ እንደ እሷ ቀና እላለሁ። እሷን ግን ላያት አልቻልኩም።